ሰባት እግር ጥላ

ባለፈው መጋቢት ለጉዳይ ጎንደር ሄጄ፣ የድሮ ግቢያችንን ሳላይ ለመመለስ ወስኜ ነበር። ቤቱ ከእጃችን ከወጣ ዘመን አለው፤ የሰው ደጅ ላይ ቆሞ ማፍጠጥ ደግሞ ነውር ነው። ግን ከአራዳ ወደ ሰፈራችን በሚያወርደው መንገድ አፍ ላይ ስደርስ ተልባ ሲቆላ ሸተተኝ። የሁዳዴ ከሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት የተልባ ሽታ የጾመኛን አንጀት ምን እንደሚያደርግ የጾመ ያውቀዋል። እኔ ከራሴ ጋር ስከራከር እግሬ ቁልቁለቱን ጀምሮት ነበር።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። መሀል ላይ ያለችው ሰፊ ድንጋይ እስከ ዛሬ አልተነቀለችም። እሷን ሳይ የአራተኛ ክፍሉ ዓመት፣ የአባባ ጫማና የእኔ ጥፋት አንድ ላይ መጡብኝ።

አባባ የእናቴ አባት ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ "የኔታ" ነው የሚላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳዊት ሲያስተምሩ፣ ጾምና በዓል የሚውልበት ቀን የሚወጣበትን የባሕረ ሐሳብ ቁጥር ሲያስቆጥሩ ኖረዋል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። መጽሐፉ ተከደነ፤ ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ሥራ አንዲት ብቻ ቀረቻቸው፦ በሁዳዴ ለሰፈሩ ጾመኛ የመፍቻውን ሰዓት መናገር።

ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን የሚያውቁት በጥላቸው ነበር። ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው ድንጋይዋ ላይ ይቆማሉ። የጥላቸው ራስ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠጠር ይቀመጣል። ከዚያ ከቆሙበት ተነሥተው እስከ ጠጠሩ ድረስ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገናኙ ይቆጥራሉ። ለየወሩ የራሱ ቁጥር አለው፤ አባባ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። የመጋቢት ዘጠኝ ሰዓት ሰባት እግር ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላ ይረዝማልና፣ ስድስት ከሆነ ገና ነው፤ ሰባት ሲሞላ ደረሰ። የሚያርፉት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቀናት እስከ ዘጠኝ አይጾምም።

ከአጥሩ ማዶ እትዬ ጥሩነሽ አሉ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምረው የምስክር ወረቀታቸውን በመስተዋት አስገብተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ፣ ሆዳቸው ግን የማንንም ምስክር የማይጠብቅ ሴት ነበሩ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በአጥሩ ላይ ይንጠራራሉ።

"የኔታ፣ አልደረሰም?"

"ስድስት ነው።"

"ምነው፣ ቅድምም ስድስት አላሉኝም?"

"ቅድም አምስት ተኩል ነበር። ስድስት ያደረግሽው አንቺ ነሽ።"

የአባባ "ደረሰ" እስኪሰማ ድረስ በዙሪያችን ባሉት አምስት ቤቶች ድስት አይከፈትም ነበር። እኔ ያኔ ፀሐይዋ ራሷ የምትጠብቀው እሳቸውን ይመስለኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ አባባ የጥላቸውን መጨረሻ ማየት አቃታቸው። ጠጠር ማስቀመጡ ለእኔ ደረሰ፤ ኩራቴ ለጉድ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ግን ሲቆጥሩ ጠጠሩን ረግጠው ተንሸራተቱና በአንድ ጉልበታቸው ወደቁ። እናቴ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ለወደቀ ሽማግሌ ካርድ ስታወጣ ነው የምትውለው። አባቴ ከጎንደር ርቆ ድብ ባሕር አስተማሪ ስለነበር በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ የቤቱ ሕግ የሚወጣው ከእሷ ነው። ከእንግዲህ ድንጋይዋ ላይ ቢቆሙም አንድ እርምጃ እንዳይራመዱ አለች። አባባ አልተከራከሩም። ከማያደርጉት አሮጌ ጫማቸው የቀኝ እግሩን አምጥተው ሰጡኝ።

"በዚህ ለኪ፤ ከተረከዜ ጀምረሽ ሰባት ጊዜ እያስቀመጥሽ" አሉኝ።

ጫማው ሦስቴ የተጠገነ፣ ሶሉ ከማኪና ጎማ የተቆረጠ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነበር። በጉልበቴ እየዳህኩ አንዴ አስቀምጬ፣ ጫፉ ላይ በጣቴ ምልክት አድርጌ፣ እንደገና አነሣለሁ። ያን ሰኞ እንዲህ ስል የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ አልማዝ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስደርስ ክፍሉ በሙሉ "የሺ ለጫማ ትሰግዳለች" እያለ ጠበቀኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ጫማውን ድንጋይዋ ሥር ሸጎጥኩትና በእግሬ ቆጠርኩ። እግር እግር ነው ብዬ ነው። ሰባት እግር አሉ እንጂ የማን እግር እንደሆነ የተናገረ የለም። አባባ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እኔ በጥላቸው ላይ ቀስ እያልኩ፣ ከወገባቸው ወደ ትከሻቸው፣ ከትከሻቸው ወደ ጥምጥማቸው እሄዳለሁ። አያዩኝም።

"ሰባት" አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞሩ። ሙቀቷን በጉንጫቸው የሚመዝኑ ይመስሉ ነበር።

"ሰባት ሞላ?"

"ሞላ።"

"እንግዲህ ደረሰ" አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ የእትዬ ጥሩነሽ የድስት ክዳን ተሰማ።

ፊት ለፊታችን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙላት ይኖሩ ነበር። በየስብሰባው "ሳይንሳዊ" የምትለውን ቃል ስለሚደጋግሙ፣ እኔ የከተማው የሳይንስ ኃላፊ ይመስሉኝ ነበር። ራዲዮ አላቸው፤ ከእጃቸው አይለይም። በየዓመቱ በጾሙ ወቅት ለአባባ አንድ ቀልድ አላቸው።

"የኔታ፣ ሕዝቡን ግማሽ ሰዓት በከንቱ ያስርቡታል እኮ። ራዲዮው ዘጠኝ ካለ ቆየ።"

አባባም በየዓመቱ አንድ መልስ አላቸው። "ራዲዮህ ይብላ፤ እኛ እንጠብቃለን።"

እኔ በእግሬ መለካት በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ጓድ ሙላት የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ወደ ግቢያችን ገቡ።

"ዛሬስ ታረቅን፣ የኔታ። ዘጠኝ ካለ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ 'ደረሰ' ሲሉ ሰማሁ። ከዘመኑ ጋር እኩል መራመድ ጀመሩ ማለት ነው። ሸጋ ነው።"

እኔ ደስ አለኝ። የእኔ እግር ከአባባ እግር ፈጣን ስለሆነ ሰዓቱም የፈጠነ መሰለኝ። እትዬ ጥሩነሽም እጄን ይዘው "የእጅሽ በረከት ነው" አሉኝ፤ በእግሬ መሆኑን አላወቁም። አባባ ግን ያን ቀን ሱፍ ፍትፍታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ማምሻውን ለእናቴ በዝግታ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

"ዓይኔ ሲጠፋ ቁጥሩ ከራዲዮው ጋር ገጠመ። ዓይን ሳለኝ የምቆጥረው ስሕተት ነበር ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው በከንቱ አስርቤ ኖሯል።"

እናቴ "ተዉ እንጂ አባባ፣ ሰባት እኮ ሰባት ነው" አለቻቸው። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ነገሩ ከእኔ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም።

በዚያው ሰሞን ነው መምህር ካሣሁን የሳይንስ ክበብ የከፈተው። የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ነው፤ ከኮሌጅ ወጥቶ በዚያ ዓመት ወደ ትምህርት ቤታችን የተመደበ፣ ኪሱ ሁልጊዜ በሽቦና በማግኔት የሚንኳኳ ቀጭን ወጣት። ክበቡ ለትምህርት ቤታችን ብቻ አልነበረም። የቀበሌውን አዳራሽ ከጓድ ሙላት ለምኖ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የሰፈር ልጅ ሁሉ፣ የሚማርም የማይማርም፣ እንዲመጣ አስነገረ። እናቶች ከፈለጉ ከኋላ አግዳሚ አለ። በገበያ ቀን ደግሞ አንዳንዴ ዕቃውን በካርቶን አሸክሞ በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ይሄዳል፤ ገበያተኛው መሀል ቆሞ ማግኔት ሲያሳይ ሰው እህሉን ትቶ ይከበዋል ይባል ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የተቀቀለ እንቁላል ልጦ፣ ወረቀት አቃጥሎ የጣለበት ጠርሙስ አፍ ላይ አስቀመጠው። እንቁላሉ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ዘጭ ብሎ ውስጥ ገባ። ማንም አላጨበጨበም። መምህሩ ግራ ገባውና "ምነው?" አለ። ከኋላ አግዳሚ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው የመለሱለት።

"ልጄ፣ ሥራህ ሸጋ ነው። ግን በሁዳዴ እንቁላል ያወጣ ሰው አይተን አናውቅም። ባይሆን ጠርሙሱም እንደ እኛ ይጹም።"

መምህሩ ከእኛ በላይ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በጠርሙሱ አፍ ልክ የተመረጠ የተቀቀለ ድንች ነው የሚያስገባው። ድንቹም እንደ እንቁላሉ ይገባል።

በሁለተኛው ቅዳሜ የቤት ሥራ ይዘን መጣን። "ቤታችሁ ሰው በምን እንደሚለካ ጠይቃችሁ አምጡ" ብሎን ነበር። አንዱ ስለ ቁና ተናገረ። አልማዝ የእናቷን የጥጥ ማግ በክንድ መለካት አሳየች። እኔ በኩራት ተነሥቼ፣ "አባባ ዘጠኝ ሰዓትን በሰባት እግር ጥላ ያውቃሉ፤ የምለካው ደግሞ እኔ ነኝ" አልኩ።

መምህር ካሣሁን ጠመኔውን አስቀመጠ። "የማን ጥላ?"

"የአባባ።"

"በማን እግር?"

እሱ መልሴን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሐሳቡ ቀድሞታል። ሁላችንንም ወደ ውጭ አወጣንና ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ አንዱ የሌላውን ጥላ ጫፍ በጠጠር እንዲይዝለት፣ ከዚያ እያንዳንዱ የገዛ ጥላውን በገዛ እግሩ እንዲቆጥር አዘዘን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የክፍላችን ረጅም ልጅ ዘጠኝ ተኩል አለ። አልማዝ ዘጠኝ ተኩል። የአንደኛ ክፍል ሕፃን ወንድሟ በጣቱ እየቆጠረ ዘጠኝና ትንሽ አለ። መምህሩ ራሱ ቆጠረ፤ ዘጠኝ ተኩል። ልጆቹ እንደ ጉድ ይተያያሉ። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ አለው፤ ግን ረጅም እግርም አለው፤ ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ይሆናል አለን።

"አሁን ደግሞ" አለና ወደ እኔ ዞረ፣ "የእኔን ጥላ በአንቺ እግር ቁጠሪ።"

ቆጠርኩ። ዘጠኝ አለፈ፣ አሥር አለፈ። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ የመምህሩ ራስ ገና ነበር።

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ያኔ ገባኝ። የእኔ ሰባት የአባባ ሰባት አልነበረም። ጥላው ገና ሳይረዝም ሞልቷል እያልኩ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰፈሩን ያለ ሰዓቱ አስበልቻለሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ የአባባ የማምሻ ንግግር ትዝ አለኝ፤ በእኔ ትንሽ እግር ምክንያት የዕድሜ ልክ ቁጥራቸው ስሕተት ነው ብለው አምነዋል።

ያን ቀን ልነግራቸው አልደፈርኩም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባባ በር ላይ ቆመው ጓድ ሙላትን ጠሩ።

"ከነገ ጀምሮ ሰዓቱን አንተ ከራዲዮው ተናገርላቸው። እኔ በቃኝ" አሏቸው።

ጓድ ሙላት እንኳ ደስ አላላቸውም። "ምነው የኔታ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው" አሉ። አባባ ግን ገብተው ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ድንጋይዋ ባዶ ናት። አባባ ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ምንም አይሠሩም። ከዚያ በፊት ምንም ሳይሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ዓይን እያላቸውም ያለ ዓይንም ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ያን ቀን እሱም ቆሟል። ወጥቼ ጫማውን ከድንጋይዋ ሥር አወጣሁና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"ጫማዬ ናት። ምነው?"

"አባባ፣ በእሱ አልለካሁም።"

"በምን ለካሽ?"

"በእግሬ።"

እጃቸውን ዘረጉ። "እግርሽን አምጪ።"

እግሬን በሁለት እጃቸው ያዙት። ተረከዜ ላይ አውራ ጣታቸውን አስቀምጠው ስንዝራቸውን ዘረጉ፤ ትንሿ ጣታቸው ከእግሬ አልፋ ወለሉን ነካች። እንደገና ለኩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያለቀሱ መስሎኝ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ለካ ሳቅ ነው። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳል እስኪያጣድፋቸው ድረስ ሳቁ።

"እኔ ሞኝ" አሉ። "ዓይን ተበደርኩና እግሬን ረሳሁ።" ቀጥለው ሳቃቸውን ቆረጡ። "ስንት ቀን?"

"ዘጠኝ።"

"ሂጂ፣ በየቤቱ ንገሪ። ጥፋቱ የየኔታ ነው በይ። ሕፃን ልከው ራሳቸው ያልተከታተሉ እሳቸው ናቸው በይ።"

አምስት ቤት ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የአባባ ነው ማለት አልሆነልኝም። አራቱ ቤት ይቅር ይበልሽ አሉኝ። እትዬ ጥሩነሽ ግን በሩ ላይ አቅፈውኝ፣ "ኃጢአቱን አንቺ ያዥው፣ ጥጋቡ ለእኔ ይሁን" አሉና ድምፃቸውን ቀንሰው፣ "ታዲያ እስከ ሆሣዕና በዚያችው እግርሽ ብንቀጥልስ?" ብለው ጠየቁኝ።

ተጣብቆ የቀረብኝ የጓድ ሙላት ቃል ነው። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስለዚህ የኔታ አሁንም ከራዲዮው ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው።" በክፋት አላሉትም። ለእኔ ግን እውነቱን ተናግሬ አባባን መልሼ ያዋረድኳቸው መሰለኝ። እንዲህ ከሆነ የእኔ እግር ልክ፣ የእሳቸው እግር ስሕተት ሆኖ ሊቀር ነው።

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት መምህር ካሣሁንን ያዝኩት። "ቲቸር፣ ራዲዮና አባባ ከተለያዩ ማን ነው ልክ?"

ከእግር እስከ ራስ አየኝ፤ ጠመኔውን በጣቶቹ አሽከረከረ።

"አላውቅም" አለ።

አስተማሪ አላውቅም ሲል ያኔ ነው የሰማሁት። ያፈረ አልመሰለኝም። እንዲያውም ፊቱ በራ። "አላውቅም፤ ግን ፀሐይዋን መጠየቅ እንችላለን። ቅዳሜ ክበቡ እናንተ ግቢ ይሁን።"

ያን ቅዳሜ ግቢያችን እንደ ሠርግ ቤት ሞላ። የክበቡ ልጆች፣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት፣ አምስቱ ጎረቤት፣ ራዲዮአቸውን ታቅፈው ጓድ ሙላት፤ አባባ በክብር ወንበር ላይ። መምህሩ ከድንጋይዋ አጠገብ ቀጥ ያለ ዘንግ ተከለ፤ ጠጠር የታሰረበት ክር አንጠልጥሎ ዘንጉ እንዳልዘመመ አየ። ከዚያ ጮክ ብሎ ለሁሉም ተናገረ።

"ጥላ እስከ ቀትር ያጥራል፤ ከቀትር ወዲያ ይረዝማል። ማጠር ያቆመበት ሰዓት የፀሐይ ስድስት ሰዓት ነው። ራዲዮውም ያን ጊዜ ስድስት ካለ ራዲዮው ልክ ነው፤ የኔታ ተሳስተዋል። እንቁጠር።"

በየአሥር ደቂቃው አልማዝ በጥላው ጫፍ ላይ ችካል ትተክላለች፤ እኔ በማስመሪያ ለክቼ እናገራለሁ። ልጆቹ "ቆመ፣ አልቆመም" እያሉ ሲጨቃጨቁ እትዬ ጥሩነሽ "ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ" ብለው ዝም አሰኟቸው። አባባ መቋሚያቸውን ጨብጠው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ድምፅ አድርገው ይጠብቃሉ።

ራዲዮው ስድስት ሰዓት አለ። ጓድ ሙላት ድምፁን ከፍ አደረጉት። ሰው ሁሉ ወደ ችካሉ ጎነበሰ።

"ስንት ሆነ?" አሉ አባባ።

"ሃያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር።"

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሃያ ሰባት። ጓድ ሙላት ራዲዮውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ ሃያ አምስት ተኩል፤ ጥላው ማጠሩን አልተወም። ከሠላሳ፣ ሃያ አራት ተኩል። ከአርባ፣ ሃያ አራት። ከሃምሳ ሲሆን ማስመሪያውን ሁለቴ አስቀመጥኩ።

"ሃያ አራት ተኩል። አባባ፣ ተመለሰ።"

መምህሩ ሰባት ሰዓት እስኪሆን አስጠበቀን። ሰባት ሰዓት ላይ ሃያ ስድስት ሲሞላ ሮጦ ከአዳራሹ የኢትዮጵያን ካርታ አመጣ፤ ግቢው ሁሉ ከበበው። ፀሐይ የምትመጣው ከዚህ ነው ብሎ ምሥራቁን አሳየ። በሐረርጌ ዳርቻ፣ በኦጋዴን ላይ አናት ላይ ስትሆን፣ እኛ ጋ ለመድረስ ገና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀራታል። አገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዲገናኝ ሰዓቱን አንድ ቦታ ላይ አስረውታል፤ ያ ቦታ ደግሞ ወደዚያ ወደ ምሥራቅ ነው።

"ታዲያ ማን ነው ልክ?" አሉ ጓድ ሙላት።

"ለአውቶቡስ ራዲዮው፤ ለጎንደር ፀሐይ የኔታ።"

ጓድ ሙላት ግራ ቀኛቸውን አዩ። "ይሄን ነገር ስብሰባ ላይ እንዳታነሡብኝ። የጎንደር ፀሐይ ከሌላው ወደ ኋላ ቀረች ብዬ ለአውራጃ ሪፖርት የምጽፍ ሰው አይደለሁም" አሉ፤ ሳቁ ግቢውን ሞላው።

አባባ አልሳቁም። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እናቴ ሳትከለክላቸው፣ ተንበረከኩ። ችካሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ወደ ዘንጉ ሲጠጉ፣ ከዚያ ደግሞ ሲሸሹ። ሁለቴ ሄደው ተመለሱ።

"ቁጥሩን ከመምህሬ ተቀበልኩ፤ ለምን ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም" አሉ። "አንተስ ልጄ፣ ይሄን ከማን ተማርከው?"

"ፀሐይን በዘንግ መለካት ከመጽሐፍ፣ የኔታ። ጎንደር ላይ መሞከሩን ከልጅዎ" አለና ወደ እኔ አመለከተ። ቀጥሎ አንገቱን ደፍቶ፣ "የየወሩን ቁጥር ቢያስጽፉን የክበቡ ልጆች ዓመቱን ሙሉ እንለካው ነበር" አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳራሹ የተበተነው ልጅ ግማሹ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ተማሪ ቀርቶባቸው የነበሩት አባባ ደብተር የያዙ፣ ቁምጣ የለበሱ፣ "አባ፣ ለሚያዝያስ?" የሚሉ ተማሪዎች መጡላቸው። አንዳንዱን ለጭቅጭቁ ሲቆጡት ደስታቸው በድምፃቸው ይታወቅ ነበር። እኔም በዚያ ዓመት ያን ያህል ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ከዚያ የዘንግ ቅዳሜ ቀጥሎ በመጣው ሰኞ ከሰዓት አባባ እንደገና ድንጋይዋ ላይ ቆሙ። ጫማውን ይዤ ዳህኩ፤ አልማዝ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። ሰባተኛው ጫማ ጥምጥማቸው ላይ ደረሰ።

"ቆይ" አሉ፣ "አሁን አንቺ ውጪና በድንጋይዋ ላይ ቁሚ። የራስሽን በራስሽ ቁጠሪ።"

አልማዝን ጠራሁና ጠጠሯን አስያዝኳት። ተረከዜን ከጣቴ እያገናኘሁ ሄድኩ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ጠጠሯ ከጣቴ ፊት ነበረች።

"ሞላ፣ አባባ።"

"እንግዲያስ አንቺው ንገሪያቸው።"

ከአጥሩ ማዶ እትዬ ጥሩነሽ ክዳኑን ይዘው እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። በሙሉ ድምፄ "ደረሰ" አልኩ፤ በአምስቱም ቤት ድስት ተከፈተ።

ባለፈው መጋቢትም ገርበብ ባለው በር ገብቼ ድንጋይዋ ላይ ቆምኩ። ፀሐይ ከኋላዬ ናት። የጥላዬን ጫፍ ከአንዲት የበቀለች ሣር ጋር አስተያየሁና መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ላይ ስደርስ፣ ተልባ የምትቆላዋ ሴት ማማሰያዋን እንደያዘች ከማድ ቤቱ ወጣች። ወጣት ናት፤ አላውቃትም፤ እሷም አታውቀኝም። ግቢዋ መሀል እግሯን እያገጣጠመች የምትሄድ ትልቅ ሴት አይታ ደነገጠች።

"ምነው እታለም፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ምንም። ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ እያየሁ ነው።"

ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች። "ዘጠኝማ ካለፈ ግማሽ ሰዓት ሆነው እኮ።"

ስድስት። ሰባት። ሣሯ ከጣቴ ፊት ናት።

"ያለፈው የሐረርጌው ነው" አልኳት። "የእኛ ገና አሁን ደረሰ።"